የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የከባድ ሚዛን ነጻ ትግል

ጥያቄ፦ የ18 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ቁመቱ አባቱን አልፏል፤ ክብደቱም 118 ኪሎ ደርሷል። በቴሌቪዥን የሚያየው ሬስሊንግ ልቡን ስለ ሰረቀው «እኔም በዚህ ነው የምኖረው» እያለ ትምህርቱን ችላ ማለት ጀምሯል። ጎረቤቱም «በዚህ ቁመና ማን ይችልሃል» እያለ ያሞግሰዋል። ለመሆኑ የከባድ ሚዛን ተፋላሚ የሙያ ሕይወት ምን ይመስላል? ክብደት ብቻውን ይበቃዋልን?
(እናት ነኝ፤ ከማራኪ፣ ጎንደር)

መልስ፦ ውድ እናታችን፣ በቅድሚያ ልጅዎ በቴሌቪዥን የሚያየው ሬስሊንግና በኦሊምፒክ የሚካሄደው ነጻ ትግል ለየቅል መሆናቸውን ይንገሩት። የቴሌቪዥኑ አሸናፊው አስቀድሞ የሚወሰን ትርኢት ነው። ነጻ ትግል ግን በምንጣፍ ላይ፣ እያንዳንዳቸው 3 ደቂቃ በሚፈጁ ሁለት ዙሮች የሚካሄድ፣ የተጋጣሚን ሁለቱንም ትከሻዎች ከምንጣፉ በማሳረፍ ወይም በነጥብ በመብለጥ የሚያሸንፉበት ውድድር ነው። ልጅዎ ሳያውቀው የማይቀረው ከርት አንግል እንኳ ወደ ትርኢቱ ከመግባቱ በፊት እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ ኦሊምፒክ በ100 ኪሎ ነጻ ትግል ወርቅ ያገኘ ሰው ነው።

ክብደቱ ይበቃዋል ወይ ላሉት፣ አይበቃውም። ለዚህ ከአሌክሳንደር ሜድቬድ የተሻለ ምስክር አላገኝም። ሜድቬድ እ.ኤ.አ. በ1937 በዩክሬን ተወልዶ ነጻ ትግልን በውትድርና ላይ ሳለ የጀመረ፣ ኑሮውንም በቤላሩስ ሚንስክ ያደረገ የሶቪየት ተወዳዳሪ ነበር። በ1964 በቶኪዮ፣ በ1968 በሜክሲኮ ከተማ፣ በ1972 በሙኒክ በተከታታይ ሦስት የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደ፤ ሰባት ጊዜም የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። የመጀመሪያዎቹን ድሎች ያገኘው በ97 ኪሎ ሲሆን፣ ወደ መጨረሻው ከባድ ሚዛን የተሻገረው ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ ሚዛን ከገጠሙት ብዙዎቹ በክብደት ይበልጡት ነበር። በሙኒክ የገጠመው አሜሪካዊው ክሪስ ቴይለር ከ180 ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር፤ ሜድቬድ ደግሞ ከመቶ ኪሎ ብዙም አላለፈም። ያንን ግጥሚያ በአንድ ነጥብ ልዩነት ያሸነፈ ሲሆን፣ የዳኛው ውሳኔ ብዙ ክርክር ማስነሣቱን መደበቅ ተገቢ አይደለም። ይሁን እንጂ ያን የሚያህል ሰው ሳይጥለው፣ ሳይጫነው፣ ምንጣፉን እየዞረ ጨዋታውን መጨረሱ ራሱ ትልቅ ችሎታ ነው። የመጨረሻውን ድል ሲያገኝም በጉልበቱ ተንበርክኮ ምንጣፉን ስሞ ከውድድር ተሰናበተ።

ለእኛ ለጎንደሮች ደግሞ የሜክሲኮው ድሉ የተለየ ትርጉም ሊኖረው ይገባል። ሜክሲኮ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት፤ ጎንደርም ከ2,100 ሜትር በላይ ናትና ብዙም አይራራቁም። በእንዲህ ያለ ከፍታ ትልቅ ሰውነት አየር ቶሎ ያጥረዋል። ልጅዎ ወደ ጎሃ ሆቴል የሚያወጣውን ዳገት ሳይቆም መውጣት ካልቻለ፣ 118 ኪሎው በሁለተኛው ዙር የሚሸከመው ዕዳ እንጂ የሚመካበት ኃይል አይሆንለትም።

ችሎታው ምን እንደሆነ በአጭሩ ላስረዳ። በአካባቢያችን እረኞች በመስክ ሲታገሉ ወገብ ለወገብ ተያይዘው እግር በመጥለፍ ይጣጣላሉ። የነጻ ትግል ተፋላሚ ግን ጉልበቱን አጥፎ፣ ወገቡን ዝቅ አድርጎ፣ እጆቹን ከፊቱ አስቀድሞ ይቆማል። ተጋጣሚው ክብደቱን በፊተኛው እግሩ ላይ ባሳረፈባት ቅጽበት ወደ ታች ይገባና ያችን እግር በሁለት እጁ አቅፎ፣ ጭንቅላቱን ከጎድኑ አስጠግቶ ወደ ጎን ይዞራል። ያን ጊዜ 120 ኪሎ የሚመዝነው ሰው በአንድ እግሩ እየዘለለ ይቀራል፤ ግዙፍነቱም ራሱን ይዞት ይወድቃል። ይህ እንቅስቃሴ ቀላል ቢመስልም፣ በድካም ሰዓት ሳያስቡ የሚያደርጉት እስኪሆን ድረስ ዓመታት ይፈጃል።

ዕድሜውን በተመለከተ አይስጉ፤ ከባድ ሚዛን ዘግይቶም የሚበስል ነው። ጆርጂያዊው ጌኖ ፔትሪያሽቪሊ በ2016 በሪዮ ነሐስ አገኘ። በቶኪዮው ፍጻሜ ጥቂት ሰከንዶች እስኪቀሩ እየመራ ሳለ፣ አሜሪካዊው ጌብል ስቲቨሰን ዞሮ ከጀርባው በመያዝ ነጥብ አስቆጥሮ ወርቁን ነጠቀው። ብዙ ሰው ከዚያ በኋላ አይነሣም፤ እርሱ ግን በ30 ዓመቱ በፓሪስ ኢራናዊውን አሚር ሆሴን ዛሬን 10 ለ 9 አሸንፎ ወርቁን ወሰደ። ከሜድቬድ ድሎች ይልቅ ልጅዎ ይህን እንዲያጠና እመክራለሁ።

ስለ ትምህርቱም የአሜሪካዊውን ብሩስ ባውምጋርትነርን ታሪክ ይንገሩት። በ1984 እና በ1992 ወርቅ፣ በ1988 ብር፣ በ1996 ነሐስ ያገኘው ይህ ሰው ትምህርቱን እስከ ሁለተኛ ዲግሪ ገፍቷል፤ ኋላም በኤዲንቦሮ ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝና የስፖርት ክፍል ኃላፊ ሆኗል። የውድድር ዕድሜው ሲያበቃ እንጀራው አልተቋረጠም።

ጥያቄ፦ የከባድ ሚዛን ክብደት ወሰን አለው?
(ተማሪ፤ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ)

መልስ፦ አለው። በሜድቬድ ዘመን ወሰን ስላልነበረው ነው የቴይለርን ያህል ሰው የገባው። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ 130 ኪሎ፣ ከ2002 ጀምሮ 120 ኪሎ ሆኖ ቆይቶ፣ ከ2014 ወዲህ 125 ኪሎ ነው። በፓሪስ ኦሊምፒክ ከእርሱ በታች ያለው ሚዛን 97 ኪሎ ስለ ነበር፣ 108 ወይም 110 ኪሎ የሚመዝን ሰው ወይ መክሳት ወይ በክብደት ከሚበልጡት ጋር መጋጠም ግድ ይሆንበታል። እንደ እኔ ከሆነ፣ በማደግ ላይ ያለ ወጣት ራሱን አስርቦ ከመክሳት በተፈጥሮ ክብደቱ ቢጋጠም ይሻለዋል።

ጥያቄ፦ ጂም የሚያሠራኝ ሰው «ቶሎ የሚያፈረጥም» መርፌ እንድወስድ እየገፋፋኝ ነው። ብወስደው ምን ችግር አለው?
(ከአዘዞ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይውሰዱት። የኡዝቤኪስታኑ አርቱር ታይማዞቭ በ2004፣ በ2008 እና በ2012 በከባድ ሚዛን የኦሊምፒክ ወርቅ አጥልቆ ነበር። የተቀመጡት ናሙናዎቹ ከዓመታት በኋላ እንደገና ተመርምረው አበረታች ቅመም ስለ ተገኘባቸው የ2008ቱን በ2017፣ የ2012ቱን በ2019 ተነጥቋል። ይህ የሜዳሊያው ጉዳት ነው፤ የሰውነቱ ከዚህ ይከፋል። ጡንቻ ለማፈርጠም የሚወሰዱ ሆርሞኖች የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ፣ ልብንና ጉበትን ይጎዳሉ፣ የወንድ ዘር ፍሬ እንዲቀንስም ያደርጋሉ። እስካሁን አንድም ቢሆን ወስደው ከሆነ ጠርሙሱን ወይም ማሸጊያውን ይዘው ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ፤ በየትኛውም ስፖርት ለመወዳደር ካሰቡም የተከለከሉትን መድኃኒቶች ዝርዝር ከኢትዮጵያ ፀረ አበረታች ቅመሞች ባለሥልጣን መጠየቅ ይችላሉ።