አጎቴ የተዉልኝ ሲንጀር አለ፤ ከየት ልጀምር?

ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ የጻፈልኝ ወጣት ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። 12ኛ ክፍል ጨርሷል፤ ውጤት አልመጣለትም። አጎቱ ዓይናቸው ስለደከመ በእግር የምትረገጠዋን የስፌት መኪናቸውን፣ ሲንጀሯን፣ ትተውለታል። እሱ ግን ስፌት ነክቶ አያውቅም። «ደብረ ብርሃን ሄጄ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልቀጠር? ወይስ ተበድሬ የኤሌክትሪክ ስፌት መኪና ልግዛ?» ይላል።

ወንድሜ፣ ሁለቱንም ለጊዜው አቆያቸው። በተለይ ብድሩን። መስፋት ሳትችል መኪና ብትገዛ ሥራው ሳይጀመር ዕዳው ይጀምራል። አጎትህ የተዉልህ ደግሞ ለጀማሪ ከሁሉ የምትሻል ናት። በእግርህ ልክ ትሄዳለች፤ መብራት ሲጠፋ አትቆምም። የፋብሪካ መኪና በደቂቃ እስከ 5000 ጊዜ ሊወጋ ይችላል። ገና ያልለመደ ሰው እሱ ላይ ሲቀመጥ ጨርቁ ከእጁ ያመልጣል።

መጀመሪያ ክርም ጨርቅም አያስፈልግህም። መርፌውን አውጣ፣ ጨርቅ የሚጫነውን የመኪናዋን እግር አንሳና እግርህን ብቻ አለማምድ። በመኪናዋ ቀኝ በኩል ያለው መዘውር መዞር ያለበት ወደ አንተ ነው። ጀማሪ ሲረግጥ ወደ ኋላ ይዞርበታል፤ ያኔ ክር ይበጠሳል ወይም ከስር ይተበተባል። ስለዚህ በቀኝ እጅህ መዘውሩን ወደ አንተ ሳብ አድርገህ አስነሳው፤ እግርህ ይከተላል። አሰልቺ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ሳታስበው እስኪመጣልህ ድረስ አትለፈው።

ቀጥሎ መስመር ያለው የደብተር ወረቀት አምጣ። ያለ ክር መስመሩን ተከትለህ ውጋው። የት እንደሳትክ ቀዳዳዎቹ ይነግሩሃል። ለዚህ አሮጌ መርፌ ተጠቀም፤ ወረቀት መርፌ ያደንዛል።

ብዙ ጀማሪ ተስፋ የሚቆርጠው ክር ላይ ሲደርስ ነው። መኪናዋ የምትሰፋው በሁለት ክር ነው፤ አንዱ ከላይ በመርፌው፣ ሌላው ከታች ከቦቢኗ፣ ክር ከሚጠቀለልባት ትንሽ ማጠንጠኛ፣ ይመጣል። ከጨርቁ ስር ክሩ ተጠቅልሎ ሲከመር ሁሉም ሰው ቦቢኗን ይወቅሳል። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ የላይኛው ክር ነው። የሚጫነው እግር ወርዶ ሳለ ክር ካስገባህ፣ ክር የሚወጥሩት ሁለት ትንንሽ ሳህኖች ተጣብቀው ስለሚቆዩ ክሩ በመሃላቸው አይገባም። እግሩን አንሳ፣ ክሩን ሙሉ በሙሉ አውጣና እንደገና አስገባ። በተቃራኒው የታችኛው ክር ከላይ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ከታየህ የላይኛው ከርሯል ማለት ነው፤ መወጠሪያውን በጣም በትንሹ አላላው። ስፌት ስትጀምር ሁለቱንም የክር ጫፎች ወደ ኋላ ያዝ አድርግ። ይህች ብቻ ግማሹን መተብተብ ታስቀርልሃለች።

ስፌት እየዘለለ ካስቸገረህ መርፌውን እይ። በአንድ ጎኑ ረጅም ቦይ አለው፤ ቦዩ ክሩ ወደሚገባበት በኩል መዞር አለበት። ለአቡጀዲና ለመሳሰለው 14 ቁጥር ይበቃል፤ ለካኪና ለጂንስ 16 ይሻላል። ዘይቱም የስፌት መኪና ዘይት ይሁን። የምግብ ዘይት እየደረቀ ያጣብቃታል።

አሁን አቡጀዲ ግዛ። ቀጥ ያለ ስፌት፣ ከዚያ ማዕዘን፣ ከዚያ ቅምቅማት። ማዕዘን ላይ ስትደርስ መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንዳለ እግሩን አንሳ፣ ጨርቁን አዙር፣ እግሩን መልስና ቀጥል። የትራስ ልብስ ሦስቱንም ያስተምርሃል። ባና ላይ፣ ወፍራሙ የሱፍ ብርድ ልብስ ላይ፣ ግን ገና አትሞክር። መንዝ ሱፉን ፈትሎ ባናና በርኖስ ሲሠራ የኖረ አገር ነው፤ እጅህ እንደሚቸኩል ይገባኛል። ያ ውፍረት ግን የጀማሪን መርፌ ይሰብራል።

ፋብሪካውን አልጠላብህም። በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው የደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክ ለአካባቢው ልጆች የሥራ በር ከፍቷል። ነገር ግን የልብስ ፋብሪካ አሠራር ይግባህ። አንዱ ቀኑን ሙሉ ኮሌታ ይሰፋል፣ ሌላው እጅጌ ይገጥማል። ፍጥነትና የሥራ ሰዓት ማክበር ትማራለህ፤ አንድ ሱሪ ከመቁረጥ እስከ መተኮስ ግን አትማርም። አንተ ደግሞ ቤትህ መኪና አለህ። አንድ ቀን የራስህን ስፌት ቤት መክፈት እንደምትፈልግ ከደብዳቤህ ያስታውቃል። ስለዚህ መጀመሪያ እዚያው መሐል ሜዳ አንድ ልብስ ሰፊ ጋ ብትጠጋ ይሻልሃል።

ጊዜውንም ምረጥ። ነሐሴ ላይ የተማሪ ዩኒፎርም ሲመጣ ልብስ ሰፊዎች መተንፈሻ ያጣሉ። ያኔ ቅምቅማት የሚቀመቅምለት፣ ቁልፍ የሚተክልለት ልጅ የማይፈልግ የለም። ባዶ እጅህን አትሂድ፤ የሰፋኸውን የትራስ ልብስ ይዘህ ሂድ፣ ገልብጦ ውስጡን ይየው። ክፍያ ባይኖርም ሱሪ ማሳጠርና ዚፕ መቀየር እንዲያሳይህ ተስማማ። በናንተ ብርድ የጃኬት ዚፕ ሥራ ክረምት ከበጋ አይጠፋም፤ የመጀመሪያ ገንዘብህ ከዚያ ይመጣል ብዬ አስባለሁ።

እጅህ ከለመደ በኋላ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ገብተህ ልብስ ስፌት ተማር፣ የብቃት ምዘናውንም ውሰድ። ሲኦሲ፣ ማለትም የብቃት ማረጋገጫ፣ ያለው ሰው ፋብሪካም ቢያመለክት፣ የራሱን ሥራ ለመክፈት ብድር ቢጠይቅ የሚያሳየው ወረቀት አለው። ስለ ኤሌክትሪክ መኪናውም ያኔ እንነጋገራለን።

ለዚህ ሳምንት የመኪናዋን የቆዳ ቀበቶ ፈትሽ። ላልቶ ከሆነ መዘውሩ እየተንሸራተተ አንተ ያልቻልክ ይመስልሃል፤ ትንሽ ቆርጦ ማሳጠር ይበቃል። አጎትህ አጠገብህ ተቀምጠው ያሳዩህ። ዓይናቸው ቢደክምም ከድምፁ ብቻ የጎደለውን ያውቁታል።