የምግብ መፍጫ ኢንዛይምና ከማዕድ ጋር የሚጠጣ አልኮል፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁም። ከአሜሪካና ከአውሮፓ በሻንጣ እየመጡ ለዘመድ አዝማድ በስጦታ ስለሚታደሉት የምግብ መፍጫ ኢንዛይም እንክብሎች ብዙ ሰው ስለጠየቀኝ ዛሬ ጊዜ ወስጄ ለመመለስ ተቀምጫለሁ። ፋርማሲስት ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ስለዚህ መድኃኒቱ እንዴት እንደሚሠራ አስረዳለሁ፣ የማንንም ሕመም ግን በጽሑፍ አልመረምርም። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር እንድትይዙልኝ እለምናለሁ፦ እነዚህ ኢንዛይሞች ምግብን ይሰባብራሉ እንጂ አልኮልን አይነኩም።

ጥያቄ (ከዳላስ)፦ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ክትፎ ስንበላ ጠጅ ወይም ቢራ አይቀርም። ከዚያ በኋላ ሆዴ ይነፋል፣ ሌሊቱንም ይከብደኛል። አንድ ወዳጄ ከማዕዱ በፊት ሁለት የኢንዛይም እንክብል ብወስድ ምግቡም መጠጡም በቀላሉ እንደሚወርድልኝ ነግሮኛል። ትክክል ነው?

መልስ፦ የወዳጅዎ ምክር ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጎ ይዟል። እንጀራው፣ ሥጋውና ቅቤው በአንጀት ግድግዳ ለማለፍ የማይችሉ ትልልቅ ነገሮች ስለሆኑ መቆራረጥ አለባቸው፤ ስታርቹን አሚሌዝ፣ ፕሮቲኑን ፕሮቲዬዝ፣ ስቡን ላይፔዝ ይቆርጠዋል። ከእነዚህ አብዛኛውን የሚያመነጨው ከጨጓራ ጀርባ የተጋደመው ቆሽት ነው። አልኮል ግን ቀድሞውኑ እጅግ ትንሽ ስለሆነ የሚቆርጠው ነገር ሳያስፈልገው አንድ አምስተኛ ያህሉ በጨጓራ፣ የቀረው በትንሹ አንጀት በኩል ወደ ደም ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚሰባብሩት ኢንዛይሞች በዋናነት በጉበት ሕዋሳት ውስጥ ናቸው፤ አልኮሉን መጀመሪያ ወደ አሲታልዴሃይድ፣ ቀጥሎም ወደ አሲቴት ይለውጡታል። የተዋጠ እንክብል እዚያ አይደርስም።

የአንድ አዋቂ ሰው አካል በሰዓት ከ7 እስከ 10 ግራም ገደማ አልኮል ያስወግዳል። አሥር በመቶ አልኮል ያለው ግማሽ ሊትር ጠጅ ወደ 40 ግራም ስለሚይዝ፣ ቢያንስ አራት ሰዓት፣ አንዳንዴም ከአምስት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ይህን ሰዓት የሚያሳጥር የምግብ መፍጫ ኢንዛይም የለም።

ሆድዎን የሚከብድዎት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የኢንዛይም እጥረት ሳይሆን የቅቤውና የመጠጡ መደራረብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የታተመ የዙሪክ ተመራማሪዎች ሥራ ነበር፤ 20 ጤነኛ ሰዎች የቀለጠ አይብ በነጭ ወይን ወይም በሻይ እየበሉ፣ ከበሉም በኋላ ጠንካራ መጠጥ ወይም ውሃ እየጠጡ ጨጓራቸው ምን ያህል ቶሎ እንደሚራገፍ ተለካ። ወይን የጠጡት ጨጓራ ከሻይ ጠጪዎቹ ይልቅ ቀስ ብሎ ተራገፈ፤ ከምግብ በኋላ የተጨመረው ጠንካራ መጠጥም አዘገየው እንጂ አላፋጠነውም። ስለዚህ ክትፎውን አሳንሰው፣ በደንብ አብስለው፣ መጠጡንም ቀንሰው ይሞክሩና ልዩነቱን ይዩት።

አንድ አባል፦ ይቅርታ፣ ይህ ከአባቶቻችን ልምድ ጋር አይሄድም። ከጥሬ ሥጋ በኋላ አረቄ የሚጠጣው ሥጋውን እንዲፈጭ፣ የኮሶውንም ትል እንዲገድል ነው። ስንት ዘመን የተፈተነ ነገር ነው።

ሌላ አባል፦ ወንድሜ፣ አረቄ ትሉን የሚገድል ቢሆን ኖሮ እነዚያው አባቶቻችን የኮሶ አበባ መራራውን እየዋጡ ለምን ይሰቃዩ ነበር?

አንድ አባል፦ ኮሶ የሚጠጣው አረቄ ያልጠጣ ሰው ነው።

መልስ፦ ወደ ጉዳያችን እንመለስ። አረቄ ጨጓራ ውስጥ ከምግቡና ከፈሳሹ ጋር ተቀላቅሎ ይቀጥናል፤ በሥጋው ውስጥ በከረጢት የተሸፈነውን የትል እጭ ይገድላል ብሎ መተማመን አይቻልም። ትሉን የሚከላከለው የሥጋ ምርመራና በደንብ ማብሰል ነው፤ ከያዘም ሐኪም የሚያዝዘው መድኃኒት አለ። ስለ መፍጨቱ ከላይ መልሻለሁ።

ሌላ አባል፦ እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ጠላ የሚጠመቀው በብቅል ነው፤ ብቅልም ኢንዛይም አለው ይባላል። ታዲያ ጠላ ራሱ የምግብ መፍጫ አይደለም?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር፤ ሰፋ አድርጌ እንድመልሰው ፍቀዱልኝ። ገብሱ ተነክሮ ሲበቅል፣ ቡቃያው ያከማቸውን ስታርች ወደ ስኳር ለመለወጥ አሚሌዝ ያመርታል፤ ከዚያ ደርቆ ሲፈጭ ኢንዛይሙ በዱቄቱ ውስጥ እንዳለ ይቆያል። እናቶቻችን ብቅሉን ጥንስሱ ላይ ሲጨምሩት ያ አሚሌዝ የእህሉን ስታርች ይቆርጥና ጣፋጭ ያደርገዋል፤ ስኳሩን ወደ አልኮል የሚለውጠው ደግሞ እርሾው ነው። ያለ ብቅል እርሾው የሚበላው ነገር ያጥረዋል። በሳይንስ ታሪክም ራሱን ችሎ ተለይቶ የወጣው የመጀመሪያው ኢንዛይም ከዚሁ ከብቅል የተገኘ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1833 ፓየንና ፐርሶ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ኬሚስቶች የብቅል ውኃ ላይ አልኮል ጨምረው ኢንዛይሙን እንደ ነጭ ዝቃጭ ለዩትና ዲያስቴዝ ብለው ሰየሙት። ልብ በሉ፤ ብዙ አልኮል ሲጨመርበት ኢንዛይሙ ከፈሳሹ ወጥቶ ዘቀጠ።

ከዚያም ጆኪቺ ታካሚኔ የተባለ ጃፓናዊ ኬሚስት፣ የጃፓን ጠማቂዎች በብቅል ፈንታ የሚጠቀሙበትን ሻጋታ ይዞ ወደ አሜሪካ መጣ። ሐሳቡ ውስኪ ለመጥመቅ ነበር። ከዚያው ሻጋታ ያወጣውን ኢንዛይም እ.ኤ.አ. በ1894 የፈጠራ መብት አስመዝግቦ ታካ-ዲያስቴዝ በሚል ስም ለሆድ መክበድ መድኃኒት እንዲሸጥ አደረገው። ዛሬ በየመደርደሪያው ከምታዩአቸው ጠርሙሶች ብዙዎቹ የዚያ ሻጋታ ዘሮች ያመረቱትን ኢንዛይም ይይዛሉ። ስለዚህ እንክብሉና ጠላው የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው ማለት ስሕተት አይደለም።

ሆኖም ጠላው መድኃኒት አይሆንም። ኢንዛይም ራሱ ፕሮቲን ስለሆነ፣ ከጥመቃው የተረፈ ቢኖር እንኳ የጨጓራ አሲድ እንደ ማንኛውም ፕሮቲን ያበላሸዋል። ሐኪም የሚያዝዘው አብዛኛው የቆሽት ኢንዛይም አሲድ በማይበግረው ሽፋን የሚሸፈነው፣ ማኘክ ወይም መፍጨትም የሚከለከለው በዚሁ ምክንያት ነው። አረቄ ደግሞ ተነጥሮ የሚወጣ ስለሆነ የብቅሉ ኢንዛይም ወደ እርሱ አይሻገርም።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ኢንዛይሙን ከወሰድኩ ጉበቴ ከመጠጥ ጉዳት ይጠበቃል?

መልስ፦ አይጠበቅም። ኢንዛይሙ አልኮልን አይነካም።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ ሆዴ አይመቸኝም። ምን ልውሰድ?

መልስ፦ ይህ ለመመለስ የሚያስችል ጥያቄ አይደለም። መቼ ነው የሚሰማዎት? ከምን ምግብ በኋላ? ያቃጥላል፣ ይነፋል ወይስ ያስቀምጣል? እኛ ዘንድ የሆድ ሕመም ሁሉ «ጨጓራ» ይባላል፤ ነገር ግን የጨጓራ ባክቴሪያ፣ የሐሞት ጠጠር፣ ወተት አለመስማማትና የቆሽት ሕመም ለየራሳቸው የተለያየ ሕክምና አላቸው። እነዚህን ለይተው ይጻፉልኝ፤ አለበለዚያ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ጥያቄ (ከሜሪላንድ)፦ ባለቤቴ በቆሽት ሕመም ምክንያት የኢንዛይም እንክብል ታዝዞለታል። ከዐሣማ የተሠራ ነው ሲሉን ደነገጥን። ኦርቶዶክሳውያን ነን። በሱቅ የሚሸጠውን ከዕፅዋት የተሠራ ብንተካው ምን ይመስልዎታል?

መልስ፦ እህቴ፣ የነገሩዎት እውነት ነው። በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የጸደቁት የቆሽት ኢንዛይሞች በሙሉ ከዐሣማ ቆሽት የሚወጡ ናቸው። ይህን ጥያቄ ከሙስሊም ወገኖቻችንም፣ በእስራኤል ከሚኖሩትም ሰምቼዋለሁ፤ የሚያስጨንቅ መሆኑን እረዳለሁ። የሃይማኖቱን ፍርድ ለንስሐ አባታችሁ እተዋለሁ፤ ለእርሳቸውም መድኃኒት መሆኑንና ተመጣጣኝ ምትክ የሌለው መሆኑን ሳትደብቁ ንገሯቸው።

በመድኃኒቱ በኩል ግን አንድ ነገር አጥብቄ እነግርዎታለሁ፤ በሱቅ ጠርሙስ አይተኩት። ቆሽቱ ለተጎዳ አዋቂ በአንድ ዋና ምግብ ብዙውን ጊዜ ከ40,000 እስከ 50,000 ዩኒት ላይፔዝ ይጀመርለታል። የሱቁ ጠርሙስ ይህን መጠን ለመያዙ ግን ዋስትና የለም፤ በአሜሪካ እንደዚህ ያሉ የምግብ ማሟያዎች እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት ከመሸጣቸው በፊት ማጽደቅ አይጠየቅባቸውም፤ የቆሽት መድኃኒቶች ግን ኃይላቸው ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያይ ስለነበር ያው አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2004 ሁሉም አምራቾች ፈቃድ እንዲያወጡ አዘዘ። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ልዩነቱ የዋጋ ብቻ አለመሆኑን እንዲያዩልኝ ነው። እንክብሉን ከመጀመሪያው ጉርሻ ጋር ይዋጥ፤ ምግቡ ረጅም ከሆነ ከፊሉን በመካከል ይውሰድ፤ በትኩስ ቡና አይዋጥ፣ በሙቀት ቦታም አይቀመጥ።

አሁን እኔ ልጠይቅዎ፦ ባለቤትዎ ይጠጣል?

ጠያቂዋ፦ ትቶ ነበር። አሁን እንክብሉ ስላለ ከምግብ ጋር በበዓል በበዓል ብቻ ይቀምሳል።

መልስ፦ እህቴ፣ ይህ ዛሬ ከተጠየቅሁት ሁሉ የሚያሳስበኝ ነው። ለረጅም ጊዜ ብዙ መጠጣት ሥር የሰደደ የቆሽት ሕመም ከሚያመጡት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው፤ ሲጋራ ሲጨመርበት ይብሳል። ቆሽት ትልቅ መጠባበቂያ አለው፤ የስብ መፈጨት በግልጽ የሚስተጓጎለው የላይፔዙ ምርት ወደ አንድ አሥረኛ ሲወርድ ነው። ስለዚህ ኢንዛይም እስከሚታዘዝለት የደረሰ ሰው አብዛኛውን መጠባበቂያ ጨርሷል ማለት ነው። እንክብሉ ምግቡን ይፈጭለታል፤ የቀረውን ቆሽት ከአልኮል አይጋርድለትም። በበዓልም ቢሆን፣ በጥቂቱም ቢሆን መተው አለበት፤ ሲጋራ ካለም እንዲሁ። ብቻውን መተው ከከበደው ለሐኪሙ ይንገር፤ ሕክምና አለው፣ የሚያሳፍርም አይደለም። ድንገት ከላይኛው ሆዱ እስከ ጀርባው የሚዘልቅ ብርቱ ሕመምና ማስታወክ ከመጣ ሌላ እንክብል ሳትሰጡት ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ጥያቄ (ከለንደን)፦ የትኛውን ብራንድ ይመክሩናል?

መልስ፦ ምንም።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ በጾም ወራት ሽሮና ባቄላ ስበላ በጣም እነፋለሁ፤ ቢራ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ለዚህም ኢንዛይም የለም ሊሉኝ ነው?

መልስ፦ ለዚህስ አለ። ጥራጥሬ ውስጥ ራፊኖዝና ስታኪዮዝ የሚባሉ ስኳሮች አሉ፤ የሰው አንጀት የሚቆርጣቸው ኢንዛይም ስለሌለው ሳይፈጩ ትልቁ አንጀት ይደርሱና ባክቴሪያዎች ወደ ጋዝ ይለውጧቸዋል። አልፋ-ጋላክቶሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም ከመጀመሪያው ጉርሻ ጋር ሲወሰድ እነዚህን ይቆርጣል። ሙቀት ስለሚያበላሸው ወጡ ላይ እየበሰለ አይጨመርም። ባቄላውን አሳድሮ መንከርና የነከረውን ውኃ መድፋትም ይረዳል፤ ስኳሮቹ ከፊላቸው በውኃ ይሄዳሉ። የቢራው ጋዝ ግን ራሱን የቻለ ነው፤ እንክብሉ እርሱንም አልኮሉንም አይነካም። ወተት ለማይስማማው ሰው የወተትን ስኳር የሚቆርጠው ላክቴዝ እንዲሁ ጠቃሚ ነው። ጉድለቱ ተለይቶ በታወቀበት ቦታ ኢንዛይም ጥሩ መሣሪያ ነው፤ እኔ የምቃወመው «ለሁሉም ነገር» ተብሎ የሚሸጠውን ነው።

ጥያቄ (ከስቶክሆልም)፦ የግሉተን ሕመምተኛ ነኝ፤ በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ይህ ፕሮቲን አንጀቴን ይጎዳዋል። ግሉተን የሚቆርጥ እንክብል ወስጄ የገብስ ቢራ ብጠጣስ?

መልስ፦ አይጠጡ። እነዚያ እንክብሎች ሕመምተኛውን አይከላከሉም።

ጥያቄ (ከአትላንታ)፦ ከአናናስና ከፓፓያ የተሠራው ተፈጥሯዊ ስለሆነ ከመጠጥ ጋር ጉዳት የለውም አይደል?

መልስ፦ ተፈጥሯዊ መሆኑ ብቻ ዋስትና አይደለም። የአናናሱ ብሮሜሌይን የደም መፍሰስን ሊያባብስ ስለሚችል የደም ማቅጠኛውን ዋርፋሪን ወይም አስፕሪን የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ መጀመር የለበትም፤ አስፕሪንና አልኮል ደግሞ ብቻቸውንም የጨጓራ መድማትን ይጋብዛሉ።

ጥያቄ (ከሪያድ)፦ ኢንዛይሙ ስካርን ይቀንሳል? ለሚያሽከረክር ሰው ይረዳል?

መልስ፦ አሁንም ደግሜ እጽፈዋለሁ፤ ኢንዛይሙ አልኮልን አይነካም። ጠጥተው ከሆነ እንክብል ቢውጡም ባይውጡም አያሽከርክሩ። እባካችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት ከላይ የተጻፈውን አንብቡ።

አንድ አባል፦ ግን ጠግቦ የጠጣ ሰው በቶሎ አይሰክርም። ይህ መፈጨት አይደለም?

መልስ፦ አይደለም። ምግብ ጨጓራ ውስጥ ሲኖር አልኮሉ ወደ ትንሹ አንጀት የሚወርደው ቀስ ብሎ ነው፤ ስለዚህ በደም ውስጥ የሚደርስበት ጫፍ ዝቅ ይላል። ምክንያቱ መዘግየቱ ነው፤ የምግብ መፍጫው ኢንዛይም በዚህ ውስጥ ድርሻ የለውም።

ጠያቂው (ከዳላስ)፦ ይቅርታ፣ መጀመሪያ ስጠይቅ ያልጠቀስኩት ነገር ነበር። ስለ ሜሪላንዷ እህት ባለቤት የሰጡትን መልስ ካነበብኩ በኋላ ነው ልቤ የፈራው። ሰገራዬ ከወራት ወዲህ ፈዘዝ ያለ፣ ቅባት ያለውና የሚንሳፈፍ ነው፤ ሳልፈልግም ክብደት ቀንሻለሁ። መጠጡም የቅዳሜ ብቻ አይደለም።

መልስ፦ ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ፤ እንዲህ ከሆነ የመጀመሪያው ምክሬ ለእርስዎ አይበቃም። ጠርሙሱን መደርደሪያ ላይ ይተዉትና በዚህ ሳምንት ሐኪም ይዩ። በሰገራ ውስጥ የሚለካ ኢላስቴዝ የሚባል የቆሽት ምርመራ እንዲታዘዝልዎት ይጠይቁ፤ በአንድ ግራም ሰገራ ከ200 ማይክሮግራም በታች ከሆነ ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል። የሚጠጡትን ሲጠየቁ «አልፎ አልፎ» አይበሉ፤ በሳምንት ስንት ብርሌ፣ ስንት ጠርሙስ እንደሆነ ቆጥረው ይንገሩ።

ጠያቂው (ከዳላስ)፦ ለማክሰኞ ቀጠሮ ይዣለሁ። እስከዚያ መጠጡን በአንድ ጊዜ ላቁመው?

መልስ፦ በየቀኑ ብዙ የሚጠጡ ከሆነ በድንገት ማቆም መንቀጥቀጥና የሚጥል በሽታ የመሰለ አደጋ ሊያመጣ ስለሚችል፣ ማክሰኞን ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ወደ ክሊኒኩ ደውለው ይህንኑ ይጠይቁ። በየቀኑ ካልሆነ ከዛሬ ጀምረው ያቁሙ። ናሙናውን ሲሰጡ ደግሞ ውኃ የበዛበት ተቅማጥ አይሁን፤ ውጤቱን በሐሰት ዝቅ ያደርገዋል።