ልብ ወለድ ጊዜ ይበላል ለምትሉ ተማሪዎች

ጤና ይስጥልኝ ልጆች! ሰላምታው የአባባ ተስፋዬ ነው። እሳቸው በቴሌቪዥን ተረት ሲያወሩ እየሰማን ላደግን ሰዎች ከልጅ ጋር ወሬ የሚጀመረው እንዲህ ነው።

ጡረታ የወጣሁ የመንገድ መሐንዲስ ነኝ። ለልምምድ የወጡ ተማሪዎች አልፎ አልፎ ቡና ይጋብዙኛል (ሒሳቡን የምከፍለው ግን እኔ ነኝ)። ስለ አስፋልት ይጠይቁኛል ብዬ ስጠብቅ «ጋሼ፣ ልብ ወለድ ሳነብ ጊዜ የማባክን ይመስለኛል» ይሉኛል። ፊልም የሚያየው ደግሞ ይብሳል። ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ ብቻውን ነው የሚያየው።

ይገባኛል። የተማሪ ቀን ቶሎ ያልቃል። የታክሲ ሰልፍ አለ፣ ክላስ አለ፣ አሳይመንት አለ። ቤት ሲገባ «እስቲ ሱቅ ደርሰህ ና» አለ። ፈተና ሲቃረብ ሁሉም ነገር ሽምደዳ ይሆናል። በዚህ መሀል ልብ ወለድ መግለጥ ቅንጦት ቢመስል አይገርምም።

እኔ ግን ከልብ ወለድ ያገኘሁትን ከየትኛውም ክላስ አላገኘሁትም። መንገድ ወረቀት ላይ መስመር ነው። መሬት ላይ ሲወርድ በሰው ማሳ መሀል ያልፋል። ባለማሳው ሽማግሌ የካሳውን ገንዘብ ስትነግራቸው ስለ ገንዘቡ አይመልሱም። ስለ አባታቸው ያወራሉ፣ ስለ ዛፉ ያወራሉ፣ ከዚያ ዝም ይላሉ። ዲግሪውን ብቻ የያዘ ልጅ «ተስማምተዋል» ብሎ መዝግቦ ይነሳል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ግን ቁጭ ይላል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የገጠር ሰው እንዴት እንደሚቀየም፣ እንዴት እንደሚያከብር፣ በትሕትና እያወራ እንዴት እምቢ እንደሚል ሁሉ አለ። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ገበሬዎቹ በሰብለ ወንጌል አባት በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የሚነሱበት ክፍል ነው።

ይህን መጽሐፍ መጀመሪያ ያገኘሁት በጆሮዬ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ ሲተርከው ቤታችን ጸጥ ይል ነበር። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። በታሪኩ ውስጥ ያለውን ጉዱ ካሳን ግን እንደ ጎረቤት ታውቀው ነበር። «እብድ ይሉታል እንጂ ከሁሉም ልብ ያለው እሱ ነው» ትል ነበር። አባቴ ለፊታውራሪው ያደላል። በማግስቱ ቁርስ ላይ ክርክር ነው። እናቴ አባቴን እንዲያ ስትሞግተው በሌላ ጉዳይ ሰምቻት አላውቅም።

ዛሬ የጎደለው ይሄ ነው ባይ ነኝ። መጽሐፉ አለ፣ ፊልሙም አለ፣ እንዲያውም ከኛ ጊዜ ይልቅ ሞልቷል። የጠፋው አብሮ የሚሰማ ሰው ነው። ስለዚህ የምታነቡትንና የምታዩትን ለቤት ሰው አካፍሉት። ዶርም ያላችሁ፣ እናታችሁ ስትደውል «በላህ? በላሁ። ደህና ነህ? ደህና ነኝ» ተባብላችሁ አትዝጉት። ታሪኩ የት እንደደረሰ ንገሯት። በሌላ ቀን «ያቺ ልጅ እንዴት ሆነች?» ብላ እሷው ትጠይቃችኋለች።

ጊዜው ከየት ይምጣ? ረጅም ልብ ወለድ የክረምት ነው፤ ትምህርት ተዘግቶ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲል። በትምህርት ወራት አጭር ልብ ወለድ ይበቃል። አንዱ በአንድ የአውቶቡስ ጉዞ ያልቃል። መጽሐፍ ተወደደ ትላላችሁ፣ እውነት ነው። አዲስ አበባ ላላችሁ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አራት ኪሎ አለላችሁ። ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክርም አለ። ሌላ ከተማ ያላችሁ ከጓደኛ ጋር አዋጥታችሁ ግዙና በተራ አንብቡ። ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን ፒዲኤፍ ግን አልወደውም። ደራሲም የቤት ኪራይ ይከፍላል።

ፊልሙ ላይ ትንሽ ልቆይ። እኛ አገር አባትና ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጠው የልባቸውን ማውራት ይከብዳቸዋል። ፊልም ሲያዩ ግን ጎን ለጎን ናቸው። ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ስለሆነ ወሬው ሳይታሰብ ይመጣል። ለዚህ ከማውቃቸው ሁሉ የምመርጠው ኢራናዊው ማጂድ ማጂዲ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1997 የሠራውን «ችልድረን ኦፍ ሄቨን» ነው። ዓሊ የሚባል ልጅ ጫማ ሰፊ ዘንድ ወስዶ ያሰፋውን የእህቱን ጫማ ወደ ቤት ሲመለስ ይጠፋበታል። አባታቸው ገንዘብ እንደሌለው ስለሚያውቁ ለቤት አይናገሩም። እሷ የጠዋት ፈረቃ፣ እሱ የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ናቸው። ስለዚህ የእሱን ሸራ ጫማ ለሁለት ያደርጉታል። እሷ ከትምህርት ቤት ሮጣ ትመጣለች፣ መንገድ ላይ ይቀያየራሉ፣ እሱ ደግሞ ሮጦ ይሄዳል። በፈረቃ ለተማረ ኢትዮጵያዊ ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም።

ውስጡ አንድ ትንሽ ትዕይንት አለች። አባትየው የመስጊድ ስኳር ቤቱ አምጥቶ ይሰባብራል። ልጁ ሻይ ስታቀርብለት ስኳር አምጪ ይላታል። ፊቱ እኮ የስኳር ክምር አለ! ግን የመስጊዱ ነው፣ አደራ ነው፣ ለሻዩ አይነካውም። እዚህ ጋ አባታችሁን ልብ በሉት። ስለ ራሱ አባት ማውራት ቢጀምር ፊልሙን አቁሙትና አዳምጡ። ንግግሩ በፋርስኛ ነው፤ ከሥር የሚጻፈውን እንግሊዝኛ እየተረጎማችሁ ንገሯቸው። ለእንግሊዝኛችሁም ልምምድ ይሆናል።

ከኛ የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» ጨምሩበት። በ2007 ዓ.ም. በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። እናቱ የሞተችበት ኤፍሬም አንድ በግ ይዞ ዘመድ ቤት ይቀመጣል። አጎቱ በጉ ለበዓል ይታረድ ይላል። ልጁ ደግሞ ወጥ መሥራት ይወዳል፤ ያውም ወንድ ልጅን ከማጀት በሚያርቅ ቤት ውስጥ። ፊልሙ ደስ ይላል፣ ግን ለበዓል በግ ልትገዙ ባሰባችሁበት ሳምንት አትክፈቱት።

ምርጫው በተራ ይሁን። ሁልጊዜ እናንተ ከመረጣችሁ ሌላው ሰው አንድ በአንድ ወደ ስልኩ ይመለሳል። ታናሽ እህታችሁ ካርቱን ከመረጠች እስከ መጨረሻው እዩላት። አባታችሁ የድሮ የህንድ ፊልም ካለ ሦስት ሰዓት ሊፈጅ ስለሚችል ቁርጣችሁን እወቁና ፈንዲሻ አዘጋጁ። ዘፈኑን ማሳለፍ ክልክል ነው።