ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ሌሊት የሚደነዝዘው የዳንቴል ሠሪዋ እጅ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ47 ዓመት ሴት ነኝ። ዳንቴል መሥራት ከልጅነቴ ጀምሮ የማዘወትረው የትርፍ ጊዜ ሥራዬ ሲሆን፣ አሁን እህቴ በቅርቡ ለምትወልደው ልጅ ብርድ ልብስና ካልሲ እየሠራሁ ነው። ለማድረስ ስለቸኮልኩ ማታ ማታ አልጋ ላይ በጎኔ ጋደም ብዬ ለሰዓታት እሠራለሁ፤ የጀመርኩትን መሥመር ሳልጨርስ ማቋረጥም አልወድም። ክሩ እንዳይላላብኝ አመልካች ጣቴ ላይ ደጋግሜ እጠመጥመዋለሁ፤ መቀስ ፍለጋ ከምነሳ ክሩን በጥርሴ እበጥሰዋለሁ፤ መስፊያ መርፌውንም በከንፈሮቼ መካከል ይዤ እቆያለሁ። ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ ቀኝ እጄ ሌሊት እየደነዘዘ ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኛል፤ ሳራግፈው ይሻለኛል። ቀን ቀን ደግሞ አውራ ጣቴን ከሥሩ ያመኛል። ማስታገሻ እየዋጥኩ ሥራዬን ቀጥያለሁ። ዳንቴል መሥራት ማቆም ይኖርብኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ዳንቴል መሥራትዎን ጨርሶ ማቆም አይኖርብዎትም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ እንዲህ ያለ ሕመም ያለባቸው ብዙ ሰዎች «ሥራውን ተዪው» እንዳይባሉ ፈርተው ሐኪም ዘንድ ሳይቀርቡ ወራት ስለሚያሳልፉ ነው። ሊተዉ የሚገባዎት ጊዜ ለመቆጠብ ሲሉ የለመዷቸውን አቋራጮች ሲሆን፣ ከእነዚህም አንዱን፣ ማለትም ማስታገሻ ውጦ መሥራትን፣ ዛሬውኑ እንዲያቆሙ እመክርዎታለሁ። ምክንያቱን ወደ ኋላ ላይ እገልጻለሁ።

ሌሊት የሚቀሰቅስዎትና እጅዎን ሲያራግፉ የሚሻልዎት መደንዘዝ፣ በሕክምና ካርፓል ተነል ሲንድረም ከሚባለው ሕመም ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል። በእጅ አንጓ ላይ፣ በመዳፍ በኩል፣ ዙሪያውን በትናንሽ አጥንቶችና በጠንካራ ማሰሪያ የታጠረ ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ ጣቶችን የሚያጥፉ 9 ጅማቶችና ሚዲያን የሚባለው ነርቭ ተጠጋግተው የሚያልፉት በዚህ ውስጥ ነው። የጅማቶቹ ሽፋን ሲያብጥ ወይም አንጓው ለረጅም ጊዜ ታጥፎ ሲቆይ በመተላለፊያው ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ ግፊትን መቋቋም የሚያቅተው ደግሞ ከጅማቶቹ ይልቅ ነርቩ ነው። ሕመሙ ሌሊት ከሚብስባቸው ምክንያቶች አንዱ አብዛኞቻችን ሳናውቀው አንጓችንን አጥፈን መተኛታችን ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ ደንዝዞ ሲቀሰቅስዎት ግን እጅዎን ከማራገፍዎ በፊት የትኞቹ ጣቶች እንደደነዘዙ ልብ ብለው ይመልከቱ፤ ይህ መረጃ ለሐኪምዎ ከብዙ ምርመራ ይበልጣል። አውራ ጣት፣ አመልካች ጣት፣ የመሃል ጣትና ከቀለበት ጣት ወደ መሃል ጣት የሚቀርበው ግማሽ ከሆኑ ችግሩ ያለው ከላይ በጠቀስኩት ነርቭ ላይ ነው። ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ሌላው ግማሽ ከሆኑ ግን የተጫነው አልናር የሚባለው ነርቭ ነው፤ የተጫነበትም ቦታ አብዛኛውን ጊዜ አንጓው ሳይሆን ክርኑ ነው። እርስዎ በጎንዎ ተጋድመው፣ ክርንዎን አጥፈውና ፍራሹ ላይ ተደግፈው ስለሚሠሩ ይህም የሚቻል ነገር ነው፤ ከሆነ ደግሞ መፍትሔው ክርንን መደገፊያ አለማድረግና ለረጅም ጊዜ አጥፎ አለማቆየት እንጂ የአንጓ ማሰሪያ አይደለም።

ሁሉንም ጥፋት በኪሮሹ፣ ማለትም ዳንቴል በሚሠሩበት ባለ መንጠቆ መርፌ፣ ላይ ማሳበብም ተገቢ አይሆንም። ካርፓል ተነል ሲንድረም በእርስዎ ዕድሜ ክልል ባሉ ሴቶች ላይ፣ ዳንቴል ሠሩም አልሠሩም፣ በብዛት የሚታይ ሕመም ነው። የስኳር ሕመም፣ የታይሮይድ ዕጢ ሥራ ማነስ፣ የመገጣጠሚያ ብግነት፣ እርግዝናና ከመጠን ያለፈ ውፍረትም ያጋልጣሉ፤ ስለዚህ ሐኪምዎ የደም ምርመራ ቢያዝልዎ ከጉዳዩ የወጣ አድርገው አይመልከቱት።

የአውራ ጣትዎ ሕመም ምንጩ ሌላ ሊሆን ይችላል። ሕመሙ የሚሰማዎት ከአንጓው በላይ፣ በአውራ ጣት በኩል ባለው አጥንት ላይ ከሆነ፣ የስዊዘርላንዱ ቀዶ ሐኪም ፍሪትዝ ደ ኬርቫን በ1895 በገለጸውና በስሙ በሚጠራው የጅማት ሽፋን ብግነት እጠረጥራለሁ። በዚህ ሕመም አውራ ጣትን ወደ ውጭ የሚዘረጉ 2 ጅማቶች በሚያልፉበት ጠባብ ሽፋን ውስጥ ይጨናነቃሉ። አውራ ጣትዎን በሌሎቹ ጣቶች ውስጥ ጨብጠው አንጓዎን በቀስታ ወደ ትንሿ ጣት አቅጣጫ ሲያዘነብሉ ስለታም ሕመም ከተሰማዎት ጥርጣሬው ይጠነክራል። ሕመሙ ከዚያ ዝቅ ብሎ አውራ ጣት ከእጅ አንጓ ጋር በሚገናኝበት መጋጠሚያ ላይ ከሆነና የማሰሮ ክዳን ሲከፍቱ ወይም ቁልፍ ሲያዞሩ የሚብስ ከሆነ ግን፣ የመጋጠሚያው መበላት ሊሆን ይችላል። በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት ጫፍ የምንቆነጥጥበት ኃይል በዚህ መጋጠሚያ ላይ ሲያርፍ እስከ 12 እጥፍ እንደሚደርስ ይገመታል።

ቀጭን ኪሮሽን አጥብቆ መያዝ ለምን እንደሚጎዳ ይህ ግምት ያስረዳል። ብዙ ዳንቴል ሠሪዎች ለወፍራም ክር የሚመጥነውን ኪሮሽ ከመፈለግ ይልቅ በእጃቸው ያገኙትን ቀጭን ይጠቀማሉ፤ የክሩ ቀለበት ስለሚጠብባቸውም ኪሮሹን እያንዳንዱ ጊዜ በግድ ያስገቡታል፣ አንጓቸውንም ጠምዝዘው ያወጡታል። ይህን እንቅስቃሴ በአንድ ምሽት በሺህ ለሚቆጠር ጊዜ የሚደግም እጅ ማመሙ አያስገርምም። ከሚጠቀሙበት ኪሮሽ በግማሽ ወይም በ1 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ይምረጡ፤ መያዣውን በጨርቅ ወይም በስፖንጅ ጠቅልለው ያወፍሩት፤ እንደ እስክርቢቶ የሚይዙት ከሆነ ደግሞ አልፎ አልፎ እንደ ቢላዋ ከላይ ጨብጠው ለመሥራት ይሞክሩ፤ በዚህ መንገድ ድካሙ በአንድ የጡንቻ ክፍል ላይ ብቻ አያርፍም። አዲሱ አያያዝ መጀመሪያ ላይ ሥራዎን ያዘገየዋል፣ ምናልባትም ያበላሽብዎታል፤ ከዋናው ሥራ በፊት በቁራጭ ክር ቢለማመዱ ይሻላል።

ክሩን አመልካች ጣት ላይ መጠምጠምም ከዚሁ የሚመደብ ነው። ጣትዎ ላይ ቀይ ሠምበር የሚተው ክር፣ በጣቱ ግራና ቀኝ የሚያልፉትን ቀጫጭን ነርቮችና የደም ሥሮች እየተጫነ ነው ማለት ነው። ክሩን በትንሿ ጣት ላይ አንድ ጊዜ ብቻ አዙረው፣ በሁለቱ መካከለኛ ጣቶች ሥር አሳልፈው፣ በአመልካች ጣት ላይ ቢያወጡት በጣቶቹ መካከል የሚፈጠረው ሰበቃ ብቻውን ይይዘዋል።

አልጋ ላይ ጋደም ብሎ መሥራትን በተመለከተ የማስተባብልልዎት ነገር የለኝም። አንገት ትራስ ላይ ተጣምሞ፣ ክንድ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ፣ አንጓ ታጥፎ የሚሠራ ሥራ ከአንገት እስከ ጣት ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያደክማል። የኋላ መደገፊያ ባለው ወንበር ይቀመጡ፣ እግርዎ መሬት ይርገጥ፣ ጭንዎ ላይ ትራስ አድርገው ክንዶችዎን ያሳርፉበት። ብርድ ልብሱ እየረዘመ ሲሄድ ክብደቱ ኪሮሹን በያዘው እጅ ላይ እንዳይንጠለጠል ጠረጴዛ ላይ ወይም አጠገብዎ ያስቀምጡት። መብራቱ በሥራው ላይ የሚያርፍ ይሁን፤ በተለይ ጥቁር ክር ማታ በደብዛዛ ብርሃን መሥራት ዓይንን ያደክማል፣ ሰውም ለማየት ሲል አንገቱን ይበልጥ ያቀረቅራል። ከ40 ዓመት በኋላ የቅርብ ዕይታ መድከሙ የተለመደ ስለሆነ መነጽርዎን ማስመርመርም አንገትዎን ይረዳል።

መሥመር ሳይጨርሱ አለማቋረጥ የሚለው ልማድ፣ በእኔ ግምት፣ ከሁሉም የሚጎዳው ነው። የአንድ ብርድ ልብስ መሥመር ኪሮሹን ከመቶ በላይ ጊዜ ማስገባትና ማውጣትን ሊጠይቅ ይችላል፤ አንዱ ሲያልቅ ደግሞ ሌላውን መጀመር የሰው ባሕርይ ነው። «ካቋረጥኩ ይተረተርብኛል» የሚለው ስጋት መፍትሔ አለው፤ በመጨረሻው የክር ቀለበት ውስጥ መርፌ ቁልፍ አስገብተው ቢዘጉት ሥራው ባለበት ይቆያል። በየ20 ወይም በየ30 ደቂቃው በስልክዎ ደወል ሞልተው፣ ደወሉ ሲጮህ የትም ቢደርሱ ያቁሙ፤ ለጥቂት ደቂቃ ተነሥተው ይንቀሳቀሱ፣ ጣቶችዎን በቀስታ ዘርግተው ይጨብጡ፣ ትከሻዎን ያንከባልሉ፣ ዓይንዎንም ወደ ሩቅ ያሳርፉ።

አሁን ላለው ሕመም በቅድሚያ የማዝዝልዎ ለ1 ወይም ለ2 ሳምንት ከኪሮሽ ማረፍና፣ አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ማሰሪያ ሌሊት ሌሊት ለ6 ሳምንት ያህል ማድረግን ነው። ማሰሪያውን አድርገው ዳንቴል አይሥሩ፤ አንጓው መታጠፍ ሲከለከል እጅ ከማሰሪያው ጋር ይታገላል፣ ጫናውም ወደ ክርንና ወደ ትከሻ ይሸጋገራል። አውራ ጣትዎ ለብቻው የሚታመም ሆኖ ከተገኘ ደግሞ አውራ ጣትን ጭምር የሚይዝ የተለየ ማሰሪያ ያስፈልግዎታል። ሲሻልዎ በ10 ወይም በ15 ደቂቃ ይጀምሩና ቀስ በቀስ ይጨምሩ። በዚህ ምክንያት ስጦታው ከልደቱ በኋላ ቢደርስ የተወለደው ልጅ የሚቀየምዎት አይመስለኝም። በማሰሪያው ካልተሻለዎ የነርቭ ምርመራ፣ በአንጓው ውስጥ የሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌ፣ አስፈላጊ ሲሆንም ነርቩ ላይ ያለውን ግፊት የሚያቃልል ቀላል ቀዶ ሕክምና አለ።

ማስታገሻውን እንዲያቆሙ የነገርኩዎት በሁለት ምክንያት ነው። አይቡፕሮፌንና መሰሎቹ በነርቭ መጫን የሚመጣን መደንዘዝ እምብዛም አያሻሽሉም፤ ሕመሙን ግን ስለሚያደበዝዙት ማቆም ከነበረብዎት ሰዓት አልፈው እንዲሠሩ ያደርጉዎታል። ከዚህም ሌላ ያለ ሐኪም ክትትል ለሳምንታት ሲወሰዱ ጨጓራን ሊያቆስሉ፣ የደም ግፊትን ሊጨምሩና ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ፤ የደም ግፊት፣ የኩላሊት ወይም የጨጓራ ሕመም ካለብዎ አደጋው ከፍ ያለ ነው።

ክርን በጥርስ መበጠስ የፊት ጥርስን ጠርዝ ስለሚሸርፍ ትንሽ መቀስ በክር አንገትዎ ላይ ማንጠልጠል ይበቃል። መርፌ በከንፈር መያዝ ግን ቀልድ አይደለም፤ ሰው ሲያስነጥሰው፣ ሲስቅ ወይም ድንገት ስሙ ሲጠራ መርፌው ወደ ጉሮሮ ሊገባ ይችላል። ይህ ቢደርስ ለማስታወክ አይሞክሩ፣ ይወርድልኛል ብለውም ዳቦ አይዋጡ፤ ሳይዘገዩ ሆስፒታል ይሂዱ፣ የብረት መርፌ በኤክስ ሬይ በግልጽ ይታያል። የኪሮሹ ጫፍ ሥጋ ውስጥ ከገባም መንጠቆው ሲወጣ ይቀድዳልና ስበው አያውጡት፤ እንዳለ በጨርቅ ደግፈው ወደ ሕክምና ይሂዱ፣ የቴታነስ ክትባትዎን መቼ እንደወሰዱም ይናገሩ።

ስላልጠየቁኝ ነገር ግን ከሥራዎ ጋር ስለተያያዘ አንድ ጉዳይ ልጨምር። ዳንቴል ሠሪዎች ሲቸኩሉ የክሩን ጫፍ በመርፌ ወደ ውስጥ ከመሸመን ይልቅ ቋጥረው አጭር አድርገው ይቆርጡታል፤ ጫፉም ከጥቂት አጠባ በኋላ ይፈታል። በሕፃን ካልሲ ወይም ጓንት ውስጥ የተፈታ ቀጭን ክር ጣት ላይ ተጠምጥሞ የደም ዝውውርን ሊያቋርጥ ይችላል፤ ሕፃኑም ሕመሙን በለቅሶ እንጂ በቃል ሊነግረን አይችልም። ስለዚህ ካልሲውን ሲጨርሱ ገልብጠው ውስጡን ይፈትሹ፤ እህትዎም ምክንያቱ ያልታወቀ ለቅሶ ሲያጋጥማት ካልሲውን አውልቃ የእያንዳንዱን ጣት ዙሪያ እንድታይ፣ ጣቱ ቀልቶ ወይም አብጦ ካገኘችው በሰዓታት ውስጥ ሊጎዳ ስለሚችል ወዲያውኑ ወደ ሕክምና እንድትወስደው ይንገሯት። ብርድ ልብሱም ቢሆን ሕፃኑ 1 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ፊቱ ላይ ሊወጣ ስለሚችል ብቻውን ሲተኛ እንዳይለብሰው፣ ታቅፎ ሳለ ወይም ሰው አጠገቡ ነቅቶ ሲኖር ብቻ እንዲለብሰው ይሁን።

መደንዘዙ ቀንም ሌሊትም የማይለቅዎት ከሆነ፣ ዕቃ ከእጅዎ መውደቅ ከጀመረ ወይም በአውራ ጣት ሥር ያለው የመዳፍ ጡንቻ ከሌላው እጅ ጋር ሲያስተያዩት ከሳስቶ ካገኙት 6 ሳምንቱን አይጠብቁ፤ ለረጅም ጊዜ የተጫነ ነርቭ ሙሉ በሙሉ ላያገግም ይችላል። መጋጠሚያው ከቀላ፣ ካበጠና ትኩሳት ካለዎት፣ ወይም ጠዋት ጠዋት የሁለቱም እጆችዎ ጣቶች ከግማሽ ሰዓት በላይ አልታዘዝ የሚሉ ከሆነም እንዲሁ። እጅዎ በድንገት ከደከመና ፊትዎ ወይም ንግግርዎ ከተዛባ ግን ጉዳዩ ከዳንቴል ጋር አይገናኝም፤ በዚያው ደቂቃ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።

ወደ ሐኪም ሲሄዱ የጀመሩትን ብርድ ልብስ፣ ክሩንና ኪሮሹን በቦርሳዎ ይያዙ። ጥቂት ደቂቃ እዚያው ቁጭ ብለው ሲሠሩ ቢያሳዩት፣ አንጓዎ የት ላይ እንደሚታጠፍና ጣትዎ ምን ያህል እንደሚጠብቅ በቃል ከሚነግሩት ይልቅ ሐኪምዎ በዓይኑ ያያል።