«አባቴ ምግብ እምቢ አሉኝ»

ጥያቄ፦ አባቴ 71 ዓመታቸው ነው። የቆሽታቸው ካንሰር ወደ ጉበታቸው ተሰራጭቷል። የማስታምማቸው እኔ ነኝ። አንድ ማንኪያ እንኳ እንዲቀምሱልኝ ስለምናቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ሞርፊኑን ሱስ እንዳይሆንባቸው ፈርቼ ሕመሙ ሲጠናባቸው ብቻ እሰጣቸዋለሁ። እህቴ «ሌሊቱን እኔ ልደር» ብትለኝም እምቢ አልኳት። ምን ይሻለኛል?
ልጃቸው

መልስ፦ እህቴ፣ ከማንኪያው እንጀምር። በነርስነቴ ስንቱን ቤተሰብ «አታስገድዱ» ስል ኖሬ፣ የገዛ እናቴ ስትታመም ማንኪያ ይዤ ስከተላት ከረምኩ። አንድ ቀን «ኮቴሽን ስሰማ ሳህኑ መጣ እላለሁ» አለችኝ። «ልጄ መጣች» ማለቷ ቀርቶ!

እዚህ ደረጃ የደረሰ ካንሰር ሰውነት ምግብን የሚጠቀምበትን መንገድ ያዛባል። ግድ ብለሽ ብታበያቸውም የቀለጠው ጡንቻ አይመለስም። የከሱት አንቺ ስላላበላሻቸው አይደለም። ሲያሰኛቸው ትንሽ ስጫቸው፣ ካላሰኛቸው ተዪው። አፋቸው እንዳይደርቅ ግን ቶሎ ቶሎ በእርጥብ ጨርቅ አርጥቢላቸው። አንዳንዴም ባዶ እጅሽን ገብተሽ አጠገባቸው ተቀመጪ።

ሞርፊኑ ላይ ግን እቆጣሻለሁ። ለካንሰር ሕመም በሐኪም ትእዛዝ ሲወሰድ ሱስ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። በየ4 ሰዓቱ ከታዘዘ በየ4 ሰዓቱ ይሰጣል፣ ባያማቸውም። ሕመሙ አንዴ ካየለ መልሶ ማስታገሱ ይከብዳል። መጠኑን በራስሽ አትጨምሪ፤ ቀስቅሰሻቸው መንቃት ካቃታቸው ወዲያው ሐኪም ጥሪ። ሞርፊን ሆድ ያደርቃል፣ ድርቀቱ ደግሞ ራሱ ምግብ ያስጠላል። ስለዚህ የሆድ ማለስለሻ አብሮ ታዝዞላቸው እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቂ፤ የሚረሳ ነገር ነው። ሕመማቸውንም ከፊታቸው አትገምቺ። «ከ0 እስከ 10 ቢሉት ስንት ይሆናል?» ብለሽ እሳቸውኑ ጠይቂያቸው። እኛ አስታማሚዎች ብዙ ጊዜ አብዝተን ነው የምንገምተው።

እህትሽ ዛሬ ማታ ትምጣ። እንቅልፍ ያጣ ሰው የመድኃኒት ሰዓት ይስታል፣ ይነጫነጫል። በሽተኛውም «ሸክም ሆንኩባት» ብሎ ሕመሙን መደበቅ ይጀምራል። እናቴም ደብቃኝ ነበር። ያወቅሁት አክስቴ ባደረችበት ሌሊት ማግስት ነው፤ ለእኔ ያልነገረችኝን ሁሉ ለእሷ ነግራት አደረች።