በቆሼ ጥግ የሚያልፈውን መንገድ ለምትቀይሱ ልጆቼ

ውድ ልጆቼ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ትምህርታችሁን ጨርሳችሁ በከተማ ዕቅድ፣ በመንገድ ሥራ ወይም በጽዳት አስተዳደር ለምትሰማሩት ነው። የሥራ ዘመኔን በመሬት ቅየሳ አሳልፌ አሁን በጡረታ ላይ እገኛለሁ። ስለ ከተማ ብዙ ያስተማረኝ አንድ መንገድ አለ፤ እሱም አዲስ አበባ ውስጥ ከአየር ጤና ወደ ጀርመን አደባባይ የሚወስደው የቀለበት መንገድ፣ በተለይም ረጲ ላይ ሁላችንም ቆሼ በምንለው የቆሻሻ መድፊያ ጥግ የሚያልፈው ክፍሉ ነው።

ስለዚህ ቦታ ሲወራ የምትሰሙት ታሪክ በጣም አጭር ነው። የቆሻሻ ክምር ነበረ፣ ድሆች መጥተው ከሥሩ ሰፈሩ፣ አንድ ሌሊት ተናደባቸው ይባላል። ይህ አነጋገር ያናድደኛል። የነገሮችን ቅደም ተከተል ስለሚያዛባ ጥፋቱን ሁሉ በሟቾች ላይ ይጭናል። ስለዚህ የአንድን መንገድ ታሪክ ስታጠኑ አስቀድማችሁ የምትጠይቁት ጥያቄ «ማን ቀድሞ መጣ?» የሚል ይሁን።

በዚያ አካባቢ ቀድመው የመጡት ሕሙማን ናቸው። ከጣሊያን ወረራ በፊት፣ ያኔ ከከተማ ውጭ በነበረ መሬት ላይ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ተሠራ፤ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ተጠራ። ሕሙማን ከየክፍለ ሀገሩ፣ ብዙዎቹም በእግራቸው፣ ወደዚያ መጡ። ከዳኑ በኋላ ግን የትውልድ መንደራቸው መልሶ የሚቀበላቸው አልሆነም። በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው ተጋቡ፣ ወለዱ፣ ዕድርና ማኅበር መሠረቱ። በዚያው ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1965 አለርት የተባለው የሥጋ ደዌ ሕክምና ማሠልጠኛና ምርምር ማዕከል ተቋቋመ። ረጲ ላይ ቆሻሻ መደፋት የጀመረውም እ.ኤ.አ. በ1964 ገደማ ነው። የመጀመሪያው የማዘጋጃ ቤት መኪና ጭነቱን ሲያራግፍ አካባቢው ሰው ነበረበት ማለት ነው። ከተማዋ ማየት ያልፈለገችውን ሰው ወደዚያ ሸኝታ ነበር፤ ማየት ያልፈለገችውን ጥራጊም አስከትላ ላከችው። በቢሮ ፋይል ውስጥ «ከከተማ ውጭ» የሚል ሐረግ ባገኛችሁ ቁጥር ይህን አስታውሱ። የዛሬው ከከተማ ውጭ የልጆቻችሁ ሰፈር ይሆናል።

ክምሩ ከ50 ዓመት በላይ አደገ፤ ወደ 36 ሄክታር የሚጠጋ መሬትም ሸፈነ። ከሥሩ ፍሳሽ የሚያግድ ንጣፍ አልነበረውም፤ ጋዙ የሚወጣበት ቧንቧም አልተዘረጋለትም። ከአዲስ አበባ ቆሻሻ ከግማሽ በላዩ የሚበሰብስ ነው፦ የምግብ ትራፊ፣ የአትክልት ልጣጭ፣ የጫት ገረባ። እርጥብ ነገር አየር አጥቶ ሲብላላ ሚቴን የተባለ ተቀጣጣይ ጋዝ ያመነጫል፣ ውስጥ ውስጡን ይሰምጣል፣ የሚያንጠባጥበው ጥቁር ውኃም ቁልቁል ወደ ትንሹ አቃቂ ተፋሰስ ይወርዳል። በዚያ ወንዝ ዳር፣ በመካኒሳና በላፍቶ በኩል፣ ጎመንና ሰላጣ እየለማ ለከተማዋ ገበያ ሲቀርብ ኖሯል። የጣልነው ነገር በሌላ መንገድ ወደ ማዕዳችን ይመለስ ነበር።

በክምሩ ላይ የሚሠሩትን ሰዎች ደግሞ በጽሑፋችሁ አታሳንሷቸው። ማዳበሪያ ከረጢት ተሸክመው ሃይላንድ፣ ብረት፣ አጥንትና ጨርቅ የሚለቅሙ ወንዶችና ሴቶች ነበሩ። የለቀሙት በቆራሌው በኩል፣ በመርካቶ ምናለሽ ተራ በኩል፣ ተመልሶ ዕቃ ይሆን ነበር። መልሶ መጠቀም የሚባለው ነገር የመሥሪያ ቤት ዕቅድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት እነርሱ በእጃቸው ይሠሩት ነበር። መኪናው የየትኛውን ሰፈር ጥራጊ እንደጫነ አይተው የሚለዩ ሰዎች ነበሩ። ስለ ከተማዋ ቆሻሻ ይዘት ማወቅ ከፈለጋችሁ ከእነርሱ የተሻለ አስተማሪ አታገኙም።

በ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት የመጀመሪያ አጋማሽ የቀለበት መንገዱ ተሠራ። መንገድ ሲመጣ ቤት ይከተላል፤ ዳር የነበረው ቦታ በጥቂት ዓመታት መሃል ከተማ ሆነ። ክምሩ መዘጋት እንዳለበት ሁሉም ያውቅ ነበር። በ2008 ዓ.ም. በሰንዳፋ አዲስ ዘመናዊ የቆሻሻ ማስወገጃ ሥራ ጀመረ፤ የአካባቢው ገበሬዎች ስለተቃወሙት ግን ብዙ ወራት ሳይቆይ ተቋረጠ። መኪኖቹም ወደ ቆሼ ተመለሱ። ገበሬዎቹን ልማት አደናቃፊ አድርጋችሁ እንዳታዩአቸው። ረጲ የሆነውን እያዩ «ለእናንተ ይሻላል» የሚል ቃል እንዴት ይመኑ? ቦታ መምረጥ የአፈርና የተዳፋት ጥናት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰንዳፋ ባልተዘጋ ነበር።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ምሽት፣ ሰው ቤቱ በገባበት ሰዓት፣ የክምሩ አንድ ጎን ተንዶ ከሥሩ የነበሩትን የጭቃና የላስቲክ ቤቶች ዋጠ። ከ110 በላይ ሰዎች አለቁ፤ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ይህን ስጽፍ አሁንም እጄ ይከብደኛል። እኔ በሙያዬ የምላችሁ ይህን ነው፦ የቆሻሻ ክምር እንደ ድንጋይ ተራራ አይጸናም። ተዳፋቱ ገደል ሲሆን፣ ውኃ ሲጠጣና ከላይ ጭነት ሲጨመርበት ይንሸራተታል። ተዳፋቱን ማለዘብ፣ እርከን ማውጣት፣ ጎርፉን ማስቀየስ፣ ከግርጌው ሰው የማይኖርበት ክልል መተው ከጥንት የሚታወቅ ሥራ ነው። ዕውቀቱ ስለ ጠፋ የሞተ ሰው የለም።

ከዚያ በኋላ ነገሮች ተከታተሉ። ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም. በዚያው በረጲ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ጣቢያ ተመረቀ፤ በዓይነቱ ለአፍሪካ የመጀመሪያው ሲሆን በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል የታሰበ ነው። ጃፓናውያን በፉኩኦካ ከተማ ያዳበሩት ዘዴም ተሞከረ፤ የተበሳ ቧንቧ በክምሩ ውስጥ ተዘርግቶ አየር ያስገባል፣ ፍሳሹን ያወጣል፣ ሚቴኑን ይቀንሳል። ርካሽና ቀላል ስለሆነ ለእኛ አገር ከተሞች የሚበጅ ይመስለኛል፤ በክፍለ ከተማም በወረዳም የምትመደቡ ሁሉ ብታጠኑት እወዳለሁ።

በዚህ ወይም በሌላ ከተማ በአሮጌ የቆሻሻ መድፊያ ላይ መናፈሻ ወይም ሕንፃ እንድትነድፉ ብትታዘዙ፣ ከሣሩ ሥር ያለውን ሳታዩ እርሳስ አታንሡ። መድፋቱ ቢቆም እንኳ ከሥር መብላላቱ ለአሥርተ ዓመታት ይቀጥላል። ጉድጓድ አስቆፍራችሁ ጋዙን ለኩ፤ የመሬቱን መስመጥ ከአንድ ክረምት በላይ ተከታተሉ፤ በአጠገቡ ያሉትን ምንጮችና የጉድጓድ ውኃዎች አስመርምሩ። አለቃችሁ ቢያጣድፋችሁም የለካችሁትን በጽሑፍ አስቀምጡ።

አሁን መንገዶቻችን በኮሪደር ልማት በፍጥነት እየተለወጡ ነው፤ አንድ ሰፈር በወራት ውስጥ መልኩን ይቀይራል። ስለዚህ የነዋሪውን ቃል የምትሰበስቡበት ጊዜ ከፈረሳ በፊት ነው። ዘነበወርቅ ስትሄዱ ደብተር ያዙ፤ ካሜራችሁን ግን ፈቃድ ሳትጠይቁ አታውጡ። ከሥጋ ደዌ የዳኑ አረጋውያንን «እማማ»፣ «አባባ» ብላችሁ እጃቸውን ጨብጡ፤ ቡና ከቀረበላችሁ ጠጡ። «በስንት ዓመተ ምሕረት?» ብላችሁ አታስጨንቋቸው። «ደርግ ከመግባቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? የመጀመሪያ ልጅዎ ተወልዶ ነበር?» እያላችሁ ጠይቁ፤ ዓመቱን እናንተ ታገኙታላችሁ። የሁለት ሰው ቃል ሲጋጭ ሁለቱንም መዝግቡ።

የጻፋችሁትን ንጹሕ ቅጂ ለተናገሩት ሰዎች መልሳችሁ አንብቡላቸው፤ አንዱን ለወረዳው፣ አንዱን ለወመዘክር፣ ማለት ለብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ስጡ። በ2009 ዓ.ም. ቤተሰብ ያጡትን ስታገኙ ደግሞ የሟቾቹ ስም እንዲጻፍ ይፈልጉ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ይጻፍ ካሉ ከነአባት ስም ሳትሳሳቱ ጻፉት። አይጻፍ ካሉ ደብተራችሁን አጥፋችሁ አብራችኋቸው ተቀመጡ።