አባቴን ቁልፍ እንቀማቸው ወይ?

ጥያቄ፦ አባቴ 64 ዓመታቸው ነው። የጎጃምን መንገድ ጠንቅቀው ያውቁታል። ባሕር ዳር ሲገቡ ግን አዲሶቹ ሰፈሮች ስለሚያደናግሯቸው መኪናው ላይ ስክሪን አስገጠምንላቸው። አሁን ካርታውን ሲያዩ መኪናው ወደ ጎን ይሄዳል፣ ባጃጅ ሲገባባቸውም ፍሬን የሚይዙት ዘግይተው ነው። ወንድሞቼ «እርጅና ነው፣ ቁልፉን እንቀበላቸው» ይላሉ። ምን ትመክሩናላችሁ? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ እኅቴ፣ ቁልፉን ተዉትና መጀመሪያ ስክሪኑን እዩት።

ዕድሜ የለበትም አልልም። ከ40 ዓመት በኋላ የዓይን ሌንስ እየጠጠረ ስለሚሄድ፣ ከሩቁ መንገድ ወደ ቅርቡ ስክሪን ከዚያም ተመልሶ ወደ መንገዱ ለማጥራት ጊዜ ይወስዳል። ስክሪኑ ላይ ጽሑፉ ደቃቃ ከሆነና የሱቁም የሆቴሉም ምልክት ከታጨቀበት፣ አንቺ በጨረፍታ የምታገኚውን እሳቸው ፈልገው ነው የሚያገኙት። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 2 ሰከንድ ማለት 33 ሜትር ነው። በዚያ 33 ሜትር ውስጥ እኛ አገር በግ አለ፣ ጋሪ አለ፣ ከትምህርት ቤት የሚወጣ ልጅ አለ። የአሜሪካ የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ አንድ እይታ ከ2 ሰከንድ እንዳይበልጥ የመከረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ስክሪኑ ታች ማርሹ ጋ ከሆነ ይነሣ። ዳሽቦርዱ ላይ ከፍ ይበል፣ መስታወቱን ግን አይጋርድ። ጽሑፉን አተልቁላቸው። ካርታው የሚሄዱበትን አቅጣጫ ወደ ላይ አድርጎ እንዲያሳይ አስተካክሉት፣ አለበለዚያ ግራና ቀኙን በጭንቅላታቸው ማዞር ሊኖርባቸው ነው። ሲመሽ ጨለም ያለውን ገጽታ ይጠቀሙ። ከሁሉም በላይ ድምፁን ክፈቱላቸው፤ «ወደ ቀኝ ታጠፍ» ሲባሉ ዓይናቸው መንገድ ላይ ይቀራል። ሬዲዮው ያኔ ይዘጋ። የሚሄዱበትን ቦታ መኪናው ሳይነሣ ይሙሉ።

መነጽሩም ነገር አለው፣ ብዙ ሰው ይረሳዋል። የማንበቢያ መነጽር ለመጽሐፍ ርቀት ነው የተሠራው፤ ስክሪኑ ከዚያ ይርቃል። ከመቀመጫቸው እስከ ስክሪኑ ያለውን በሜትር ለኩና ለዓይን ሐኪሙ ንገሩት።

ደጀንን አልፈው ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ደግሞ ካርታው ይጥፋ። መንገዱ አንድ ነው፣ ምን ይመራቸዋል? እዚያ ኩርባውንና የጭነት መኪናውን ማየት ነው የሚያስፈልገው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ፣ ስክሪኑ ጠፍቶም መኪናው ወደ ጎን ከሄደ ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ሙሉ ምርመራ ያድርጉ፣ እናንተም ቁጭ ብላችሁ ራሳቸውን አማክሯቸው። ቁልፉን ደብቃችሁ ግን አታሳፍሯቸው።